ያስመለስሁት ፍም

ዱላው ከባህር ዛፍ የተቆረጠ፣ ቅርፊቱ የተላጠ፣ ቁመቱ ከወገቤ ትንሽ ከፍ የሚል ነበር። ኮምፖስት በሚዘጋጅበት ጉድጓድ እስከ መሃሉ ይሰካል፤ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ ተነቅሎ በእጅ ይዳሰሳል። ከሞቀ ጉድጓዱ እየሠራ ነው። ካልሞቀ ይገለበጣል፣ ውሃ ይጨመርበታል፣ እንደገና ይጠበቃል። ይህን ለገበሬዎቹ ስነግር ድምፄን ከፍ አላደርግም ነበር፤ ግን አንዲት ቃል አላስቀርም። «ለብ ማለት መሞቅ አይደለም፤ ለብ ያለ አልቀበልም» እል ነበር። በዚህ ምክንያት ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው በዚያች ቀበሌ ስሜ ተረሳና «ባለ ዱላዋ» ሆንኩ።

ወደዚያ ስመደብ ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጓደኞቼ በሃያ ሁለትና በሃያ ሦስት ዓመታቸው የጀመሩትን የግብርና ባለሙያነት ሥራ ነው እኔ በዚያ ዕድሜ የጀመርኩት። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ መሃል ላይም ብዙ ዓመት አቋርጬ ነበር። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎኝ ወደ ጎን ዞሬ እቀመጥ ነበር፤ አጠገቤ ያሉት ልጆችም «እማማ፣ ላጲስ አውሺኝ» ይሉኝ ነበር። ላጲስ አልነበረኝም። እንዳልሳሳት ቀስ ብዬ ነበር የምጽፈው። ዘግይቶ የተማረ ሰው መጽሐፍን እንደ ወዳጅ አያምነውም፤ እንደ ዳኛ ነው የሚያምነው።

አፈር ማቃጠልንም ያወቅሁት ከመጽሐፍ ነው። የተወለድኩት ከአንኮበር በታች፣ መሬቱ ወደ ቆላ በሚያዘቀዝቅበት፣ ማሽላ በሚበቅልበት አገር ስለሆነ አፈር ሲነድ አይቼ አላውቅም ነበር። ደጋው ላይ ግን መሬቱ ጥቁርና ውሃ የሚቋጥር ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ጠጥቶ ይበርደዋል። ስለዚህ በበጋ ጓሉን ከነሣሩ ገልብጠው ይከምሩታል፤ በየክምሩ ሆድ ደረቅ እበት ይከቱና እሳት ይሰጡታል። ነበልባል የለውም። ሳምንትም ከዚያም በላይ እያጨሰ ውስጥ ውስጡን ይነዳል። ሲበርድ ይበተንና ገብስ ይዘራበታል። የዚያ ዓመት ገብስ ያምራል፤ የሚቀጥለው ዓመት ይቀንሳል፤ ከዚያ በኋላ መሬቱ ብዙ ዓመት ማረፍ አለበት። አባቶቻቸው ያሳርፉት ነበር። አሁን የሚያሳርፉት መሬት የለም፤ ያው ቁራሽ መሬት በላይ በላዩ ይቃጠላል። አንዳንዱ ማሳ እንደ ሸክላ ቀልቶ፣ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። የፋብሪካው ማዳበሪያ ደግሞ አንድ ዓመት ከገበሬ አቅም በላይ ይወደዳል፣ አንድ ዓመት መንገድ ይዘጋና ዘር ካለፈ በኋላ ይደርሳል። እንግዲህ አታቃጥሉ፣ ኮምፖስት ሥሩ ማለቴ ስሕተት አልነበረም። ዛሬም ስሕተት ነበር አልልም።

የሰማችኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት። ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጠኛለች፤ «እትዬ» ነበር የምላት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። በዚያ አገር ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች፤ ሌላ ሰው ያርሰዋል፣ ምርቱን ለሁለት ይካፈላሉ። እሷ አልሰጠችም። አንድ ዳለቻ በሬ ነበራት። የጎረቤቷ ሽማግሌም አንድ በሬ አላቸው፤ ሁለቱ በሬዎች በመቀናጆ ይጠመዱና የሁለቱም ቤት መሬት ይታረሳል።

«ይኼን በሬ የሸጥኩ ዕለት እኔ ገበሬ አይደለሁም» ብላኛለች ገና በተዋወቅን ሰሞን፤ «የሰው እርሻ ጠባቂ ነኝ። ባሌ ሲሞት እንኳ ያላስለቀሰኝን ያስለቅሰኛል።»

«እንዴት ባልሽ ሲሞት አላለቀስሽም?»

«ኧረ አልቅሻለሁ! ግን በሬው ነበረና እያለቀስኩም አረስኩ።»

ወደ እኔ የመጣችው ራሷ ናት። ማሳዋ ሸክላ መሆኑን አይታ፣ «ዘንድሮ ደግሞ ካቃጠልኩት ድስት ይወጣዋል፤ ገበያ አውጥቼ እሸጠዋለሁ» አለች።

ጉድጓዱን ቆፈርን። እበቱን በሙሉ እዚያ ውስጥ ስላስከተትኳት ያን በጋ ኩበት አልጠፈጠፈችም፤ የምታነደው የባህር ዛፍ ቅጠል ነበር። ቅጠል ቦግ ይልና ይጠፋል፤ ጢሱ ግን ይቀራል። ዓይኗ ሁልጊዜ ቀይ ነበር። የሠፈሩ ሴቶች «እበቷን ቀብራ በቅጠል የምትንጨረጨር» እያሉ ያሾፉባት ነበር። እኔ ስለ ቅጠሉ አላሰብኩም። የማስበው ስለ ዱላው ነበር።

ዱላውን ስትነቅለው በእጇ አትዳስሰውም፤ ጉንጯ ላይ ታስጠጋዋለች። «እጄማ ምን ያውቃል» ትላለች፤ «ፍም ብጨብጥ እንኳ ዘግይቶ ነው የሚነግረኝ።»

«እሺ፣ ጉንጭሽ ምን አለ?»

«ለብ ብሏል።»

«ለብ ያለ አልቀበልም።»

«ኧረ እቴ! በዚህ ብርድ ለብ ማለትንስ ማን አገኘው? እኔ ራሴ ከነጋ ለብ አላልኩም።»

ሦስት ጊዜ አስገለበጥኳት። በሦስተኛው ዱላውን ነቀለችና እኔ ጉንጭ ላይ አስጠጋችው። ሞቆ ነበር። እንደ ሕፃን ትኩሳት። ሁለታችንም ሳቅን።

የካቲት ላይ ማቃጠሉ ተጀመረ። በዚያ ሠፈር ለአፈር የሚሆን እሳት በክብሪት አይለኮስም። መጀመሪያ ከተቀጣጠለው ማሳ ፍም በገል ይወሰድና በወሰኑ ላይ ለሚቀጥለው ባለ ማሳ ይሰጣል፤ እሱም ለሚቀጥለው። እንዲህ እየተቀባበለ ሠፈሩን ይዞራል። ይህን አየሁ፤ ደስ የሚል ልማድ ነው ብዬ አለፍኩት።

እትዬ ማሳ ወሰን ላይ የደረስኩት ልክ ፍሙ ሲደርስ ነው። የያዙት ጎረቤቷ፣ ባለ መቀናጆው ሽማግሌ ናቸው፤ የሠፈሩ ወንፈል አባትም እሳቸው ነበሩ፤ ማን በየትኛው ቀን ለማን እንደሚሠራ ተራውን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ከኋላቸው ወንዱም ሴቱም ቆሟል።

«ተቀበይ» አሏት።

እሷ እኔን አየች። ማሳዋ ላይ አንድም ክምር አልነበረም፤ አልከመረችም።

«አይ አባባ» አልኩ፤ «እሷ ዘንድሮ አታቃጥልም።»

«እሷን ነው የጠየቅሁ።»

«አባባ፣ አፈሩ እኮ ሲነድ ውስጡ ያለው ምግብ አብሮ ይነዳል...»

«የኔ ልጅ፣ መሬቱ በርዶታል። የበረደው ሰው እሳት ዳር ይቀመጣል እንጂ እበት አይለብስም።»

ሰው ሳቀ። እኔ ግን አልተውኩም። አፈር ውስጥ ስላሉት በዓይን ስለማይታዩ ነፍሳት አስረዳሁ፤ እነሱ እንደሚሠሩ፣ እሳቱ እንደሚገድላቸው፣ ኮምፖስቱ እንደሚያበዛቸው። አንዱ ከኋላ «በዓይን የማይታዩ ከሆነማ ማጭድ አይዙ!» ሲል ሳቁ እንደገና ፈነዳ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፤ አልጠየቅሁምም።

እትዬ ግን አልሳቀችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው ግን እንዲሰማው አድርጋ፣ «ፍሙን ከመለስኩ ማን አለኝ?» አለችኝ።

«እኔ አለሁ» አልኳት።

ሽማግሌው ለአፍታ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ ሰው ዞር አሉ። «ሰምታችኋል። አለሁ ብላለች።» ፍሙን ይዘው የእሷን ማሳ ዞረው ወደሚቀጥለው ሄዱ።

ያን ዕለት ማስታወሻዬ ላይ «አንዲት ሴት አርሶ አደር አፈር ማቃጠል አቆመች» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፌ ያምራል። አሁንም አለኝ።

ሽማግሌው የመቀናጆ ቃላቸውን አላጠፉም። ሰኔ ላይ በሬዎቹ ተጠመዱ፣ መሬቷ ታረሰ፣ ገብሱ ተዘራ። ማንም አላኮረፋትም፤ ሰላምታም፣ ለቅሶም፣ ማኅበርም እንደ ቀድሞው ነበር። ስለዚህ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ገብሱ ደግሞ አፌን አስያዘኝ። ነሐሴ ላይ ከአካባቢው ሁሉ ይረዝም ነበር። ከወረዳ የመጡ ሰዎች መሃሉ ገብተው በስልካቸው ፎቶ ተነሡ። እትዬ ዳር ቆማ «ረገጣችሁት እኮ!» ትል ነበር። መስከረም መጨረሻ ላይ ዛላው ከመክበዱ የተነሣ ገብሱ ጋሸበ፤ ከነአገዳው መሬት ላይ ተኛ። የጋሸበ ሰብል ማጨድ ከባድ ነው፤ እየተነሣ፣ እየተፈታ፣ በእፍኝ በእፍኝ ነው የሚታጨደው። ብዙ እጅ ይፈልጋል። ይህንንም መጽሐፉ ላይ አንብቤው ነበር።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን ጠዋት የምሠራበት የግብርና ጣቢያ ድረስ መጣች። ቁጭ በይ ብላት እምቢ አለች።

«መቼ ነው የሚመጡት?» አለችኝ።

«እነማን?»

«አጫጆቹ።»

«የምን አጫጆች?»

መጀመሪያ የምቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ከዚያ ፊቴን አየች። ፈገግታው ከፊቷ ሲጠፋ አየሁት።

«እሳት የተቀበለ ማጭድ ይሰጣል፣ ማጭድ ይሰጠዋል» አለች፤ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብላ። «የወንፈሉ ቃል የሚታሰረው በፍሙ ነው። እኔ ፍሙን መለስኩ። ያስመለሰኝ ሰው ማጭዱን ይተካል። አንቺ አለሁ አልሽ። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«እኔ... አይዞሽ ለማለት ነበር እትዬ። ምክር ስትፈልጊ አለሁ ለማለት።»

«ምክር!» አለች።

«ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?»

«የሚታወቅ ነገር ይነገራል እንዴ? አንቺ እኮ የተማርሽ ነሽ።»

ያን ዕለት ያላደረግሁት የለም። ወረዳ ደወልኩ፤ ሁሉም ስብሰባ ላይ ነበር፤ ገብስ ለማሳጨድ የተመደበ ሰውም አልነበረም። ደብረ ብርሃን ተፈናቃዮች መጠለያ ውስጥ አንድ የማውቀው ሰው ነበር፤ ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ፣ መሬቱን ትቶ እጁን ብቻ ይዞ የመጣ ገበሬ። የቀን ሥራ ባገኝ ብሎ ስልኩን ሰጥቶኝ ነበር። ደወልኩለት። «ማጭድ ነው ያልሽኝ?» አለ፤ ድምፁ ተለወጠ። «እህቴ፣ ማጭድ ከያዝኩ ስንት ጊዜዬ መሰለሽ። ስምንት ሰው ይዤ በጠዋት እደርሳለሁ።» በጠዋት መንገዱ ተዘጋ። «መኪና የለም፤ በእግር ብንሞክር ኬላ ላይ መለሱን» አለኝ በስልክ። በማግስቱም አልተከፈተም። በሦስተኛው ቀን መደወል አፈርኩ።

ሽማግሌው ዘንድ ሄድኩ። የሚያጭዱት የሌላ ሰው ማሳ ነበር፤ ማጨዳቸውን ሳያቋርጡ አነጋገሩኝ።

«አባባ፣ የእትዬ ገብስ...»

«አይቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ገብስ ከልጅነቴ ጀምሮ አላየሁም። በእሱስ አልዋሽም።»

«አንድ ቀን ብትሰጧት።»

ቀና አሉና ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አንኮበር ተራሮች አመለከቱ። ደመና ነበር፤ ኅዳር ላይ መኖር የሌለበት ደመና። «ዛሬ የኚህ ሰውዬ ተራ ነው። ነገ የመበለቲቱ፣ የታችኛዋ። ከነገ ወዲያ የኔ። የትኛውን ልንጠቀው? ደመናው የማንንም ተራ አይጠብቅ።»

«እሷ ራሷ መጥታ ብትለምንስ?»

«አትለምንም። እኔም በሷ ቦታ ብሆን አልለምን።» ተመልሰው ወደ አጨዳው ጎንበስ አሉ። «የኛ ሲያልቅ እንመጣለን። እግዜር ካቆየው።»

እንግዲህ እኔና እሷ ገባንበት። ሁለት ሴት፣ የጋሸበ ገብስ፣ ሁለት ማጭድ። አንደኛውን ማጭድ የሰጠችኝ እሷ ናት፤ የባሏ ነበር። ለሦስት ቀን አጨድን። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ስታርመኝ ግን አንዲት ነገር አታስቀርም ነበር።

«ዝቅ አድርገሽ ቁረጪው። ገለባው ምን አደረገሽ፤ ለበሬዬ ነው።»

«እሺ።»

«አሁንም ግማሹን ትተሽዋል። ተመለሺ።»

«በቃ ትንሽ እኮ ነው እትዬ...»

«ለብ ያለ አጨዳ አልቀበልም» አለች። ወገባችንን ይዘን፣ እዚያው ገብሱ መሃል ቁጭ ብለን ሳቅን። ከዚያ ሳቁ እንዴት እንደቆመ አላስታውስም። መዳፌ ተልጦ ነበር። የማሳውን ሩብ እንኳ አልጨረስንም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። ያጨድነውን ነዶ ጥቂቱን ቤት አስገባን፤ ሌላው ማሳው ላይ ቀረ። ሌሊቱን ዘነበ፣ በማግስቱ ዘነበ፣ በሦስተኛውም። የተኛ ገብስ ከረጠበ ይጎነቁላል። ዝናቡ ሲያባራ ማሳው አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ እያንዳንዱ ዛላ እንደተኛ ቡቃያ አውጥቷል። ከሩቅ ለማያውቅ ሰው ያምራል።

የራሳቸው አጨዳ ሲያልቅ ወንፈሉ መጣ። ቃላቸውን ጠበቁ፤ ሁሉም ማጭዱን ይዞ መጣ፤ ያ «ማጭድ አይዙ» ያለውም ነበረበት። ዘፈንም ቀልድም የለም። ጎንቁሎ የጠቆረውን ገብስ እንደ ደህና ገብስ ዝቅ አድርገው አጨዱት፣ ነዶውን አሠሩት፣ ከመሩት። ሽማግሌው አንድ ዛላ ፈትገው አሸተቱና መሬት ላይ አስቀመጡት። አልጣሉትም፤ አስቀመጡት። እትዬ ጠላ አቀረበች። ጠጡ። አመሰገኑ። ሄዱ።

ገለባው ሻገተ። በሬው አሽትቶት ፊቱን ያዞር ነበር። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ የበሬው ጎድን በአንድ በአንድ ይቆጠር ጀመር። እኔ ካገኘሁት ቦታ ጥቂት ድርቆሽ አመጣሁላት፤ «ይኼ ስንት ቀን ያቆየዋል?» አለችኝ። አንድ ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ነድታው ሄደች። ስትመለስ መንገድ ላይ አገኘኋት። ገመዱን ጠቅልላ ትከሻዋ ላይ አድርጋዋለች።

«ገመዱን አልሸጥኩም» አለች። አላለቀሰችም፤ ወይም ዓይኗ ከቅጠሉ ጢስ የተነሣ ሁልጊዜ ቀይ ስለሆነ አልለየሁትም።

መሬቷን ሽማግሌው በእኩል ያዙላት። ሰው አጥተው አልነበረም፤ ለእሷ ብለው ነው የያዙት፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን እሳቸው በሚያውቁት መንገድ ነው የሚያርሱት። የካቲት ሲመጣ የማሳዋ ጓል ተገለበጠ፣ ተከመረ።

የዚያን ሰሞን ማታ ቤቴ መጣች።

«ነገ እሳቱ እኔ ወሰን ይደርሳል» አለች። «አንቺ ነሽ ያስመለስሽው። አንቺው አምጪው።»

«እትዬ፣ እኔ የግብርና ባለሙያ ነኝ። እንዴት አድርጌ ነው...»

«አውቃለሁ ምን እንደሆንሽ። ፍሙን ሰው ሁሉ እያየ መለስሽ፤ ሰው ሁሉ እያየ ካላመጣሽው፣ ወንፈሉ ውስጥ እኔ አለሁ ብዬ አልገባም። ነገም የሚያጭድ እጅ ያስፈልገኛል፤ ለግማሹም ቢሆን።»

በማግስቱ ሄድኩ። ሽማግሌው ገሉን አመድ ነሰነሱበት፤ ፍሙን በላዩ አደረጉና ሰጡኝ። «ከጠርዙ ያዥው የኔ ልጅ፤ ያቃጥልሻል» አሉኝ። ሰው ቆሞ ነበር። የሳቀ የለም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ወሰኑን ተሻግሬ የመጀመሪያው ክምር ጋ ተንበረከክሁ። ጓሉ ካለፈው ዓመት ጓል ጋር አይመሳሰልም ነበር። ጥቁር፣ ልስልስ፣ በጣት ሲነኩት የሚፈርስ ሆኗል። ሥር አለበት። ትል አለበት፤ አንዱ ከብርሃኑ ለመሸሽ ወደ ክምሩ ሆድ፣ እሳቱ ወደሚገባበት ቦታ ሲገባ አየሁት። መጽሐፉ ይህ ለውጥ ብዙ ዓመት ይፈጃል ይል ነበር። በአንድ ዓመት ጀምሮ ነበር። ለእትዬ ላሳያት ቀና አልኩ። አጠገቤ ቆማለች፤ እሷም አይታዋለች።

«ክተቺው» አለች።

ከተትኩት።

በማግስቱ ማሳው ሁሉ ያጨስ ነበር። በዚያ በኩል ላለማለፍ አስቤ ነበር፤ መንገዱ ግን አንድ ነው። እትዬ ክምሮቹ መሃል ቆማ አገኘኋት። ያን የባህር ዛፍ ዱላ ይዛ መጥታ አንዱ ክምር ውስጥ ሰክታዋለች። ስታየኝ ነቀለችው። ጫፉ ጠቁሮ ይጨሳል። እንደ ድሮዋ ጉንጯ ላይ አላስጠጋችውም። ወሰኑ ድረስ መጣችና ወደ እኔ ጉንጭ ዘረጋችው፤ አልነካኝም፤ ግለቱ ግን ደረሰኝ።

«ሞቋል?» አለችኝ።

«ሞቋል።»

«እንግዲያስ ተቀበይው።»

ዱላውን ሰጠችኝና ወደ ክምሮቹ ተመለሰች።